ክብደት ለመቀነስ የማንን ምክር እንስማ?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የጤና ክፍል ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



   ለዛሬ የመረጥነው ርእስ ከብዙዎቻችሁ በተደጋጋሚ የደረሰን ጥያቄ ሲሆን ክብደት መቀነስን ይመለከታል።

ጥያቄውን ከሌሎቹ ይበልጥ ዘርዝራ የጻፈችልን አንዲት እህታችን ናት። የሦስት ልጆች እናት ስትሆን ሦስተኛውን ከወለደች ወዲህ ክብደቷ ጨምሮ 82 ኪሎ ደርሷል። የደም ግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። ለክትትል በሄደችበት ቦታ «ክብደት መቀነስ አለብሽ» ተባለች። እንዴት አድርጋ እንደምትቀንስ ግን የነገራት የለም፤ የሚቀጥለው ታካሚ ተጠራና ወጣች። ቤቷ ስትመለስ ጎረቤቷ «እንጀራ ተዪ» አለቻት። የባለቤቷ እህት ደግሞ «እንጀራው ምንም አያደርግሽም፣ ቅባቱን ነው መተው» አለቻት። ጂም የሚያሠራ ዘመዷ በቀን ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ እንድትበላ ሲመክራት፣ ሌላዋ ደግሞ «በስምንት ሰዓት ውስጥ በልተሽ ጨርሺና ሌላውን ሰዓት አፍሽን ዝጊ» አለቻት። ጠዋት በባዶ ሆዷ ሎሚ በሙቅ ውኃ ብትጠጣ ጨጓራዋን አቃጠላት። አንድ ቀን ባለቤቷ በቀልድ መልክ የተናገራት ቃል ውስጧ ገባና ለእህቷ ደወለች። ጅዳ በሥራ ላይ ያለችው እህቷም «ከእፅዋት ብቻ የተዘጋጀ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የማቅጠኛ እንክብል በሰው ላከችላት። በሁለት ሳምንት 4 ኪሎ ቀነሰች። ነገር ግን ሌሊት ሌሊት ልቧ በኃይል እየመታ እንቅልፍ ነሳት፤ ግፊቷም ሲለካ ከበፊቱ በልጦ ተገኘ። ደንግጣ እንክብሉን ስታቆመው የሄደው 4 ኪሎ አንድ ኪሎ ተጨምሮበት ተመለሰ። «ከነዚህ ሁሉ የማንን ልመን?» ስትል ትጠይቃለች።

ውድ አድማጮች፣ እንደምታዩት እህታችን መካሪ አላጣችም። መካሪ በዝቶባታል። ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ደግሞ ከመካሪዎቹ አብዛኞቹ የማይዋሹ መሆናቸው ነው። እንጀራ ትቼ ከሳሁ የምትለዋ በእርግጥ ከስታለች። ቅባት ትቼ ከሳሁ የምትለዋም እንደዚያው። ታዲያ ተቃራኒ ነገር አድርገው ሁለቱም እንዴት ሊከሱ ቻሉ?

ይህንኑ በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈትሸውት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አውጥተዋል። ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸውን 609 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ቅባት እንዲቀንስ፣ ሁለተኛው ደግሞ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ስኳርና የመሳሰሉትን እንዲቀንስ ተደርጎ ለአንድ ዓመት ተከታተሏቸው። ሁለቱም ቡድኖች አትክልት እንዲያበዙ፣ ስኳርና የተፈተገ ዱቄት እንዲያሳንሱ፣ ምግባቸውንም በተቻለ መጠን ቤታቸው እንዲያበስሉ ተመክረው ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ እነ ዳቦን የቀነሱት 6 ኪሎ ቀነሱ። ተመራማሪዎቹ ይህ ልዩነት ትርጉም የሚሰጠው አይደለም አሉ። በሁለቱም ቡድኖች ውስጥ ግን ብዙ የቀነሱም፣ ጭራሽ የጨመሩም ሰዎች ነበሩ።

ስለ ሰዓቱም ቢሆን በቻይና በጓንግዡ ከተማ 139 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት አለ። ግማሾቹ በቀን በስምንት ሰዓት ውስጥ ብቻ እንዲበሉ፣ ግማሾቹ በፈለጉት ሰዓት እንዲበሉ ሆኖ፣ የምግባቸው መጠን ግን ለሁለቱም እኩል ተቀነሰ። በዓመቱ መጨረሻ ሁለቱም ቀንሰዋል፤ በመካከላቸው የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ ጎረቤትም የባል እህትም የተናገሩት የየራሳቸውን መንገድ ነው። ያከሳቸው ለረጅም ጊዜ በዛ ያለ ምግብ መተዋቸው ነው። አንዷ ይህን ያገኘችው እንጀራ በመቀነስ ነው፣ ሌላዋ ዘይት በመቀነስ። እህታችን መጠየቅ ያለባት «የማን መንገድ ይሻላል?» ብላ ሳይሆን «እኔ በቤቴ፣ በገቢዬ፣ በሕመሜ ዓመት ሙሉ ልይዘው የምችለው የትኛውን ነው?» ብላ ነው።

አሁን «በሁለት ሳምንት 4 ኪሎ» ወደሚለው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። ሰውነታችን ከምንበላው እህል የሚያገኘውን ስኳር በከፊል በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያከማቻል። ይህ ክምችት ግላይኮጅን ይባላል። እያንዳንዱ ግራም ክምችት 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ሰው በድንገት ምግብ ሲያቆም ወይም እህል ነክ የሆነውን ሁሉ ሲተው መጀመሪያ የሚያልቀው ይህ ክምችት ነው፤ ከሱም ጋር የያዘው ውኃ በሽንት ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ ወርዶ የሚታየው አንድ ተኩል ወይም ሁለት ኪሎ በአብዛኛው ውኃ ነው። መደበኛውን ምግብ መብላት በተጀመረ በቀናት ውስጥ ይመለሳል። ወገብን በላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥና በእንፋሎት ክፍል ውስጥ ላብ ማፍሰስም እንዲሁ ውኃ እንጂ ስብ አያወጡም። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ያህል ጉልበት የተከማቸበት ስለሆነ በላብ ተንጠባጥቦ የሚሄድ ነገር አይደለም።

የማቅጠኛ ሻይ የሚባለውንም በዚሁ መልክ ተመልከቱት። ከእነዚህ ሻዮች በብዙዎቹ ውስጥ የሚገኘው ቅጠል ሰና ነው፤ በኛ አገር ሰናመኪ የምንለው። ሰናመኪ ሆድ ለደረቀበት ሰው ለጥቂት ቀናት የሚሰጥ የታወቀ መድኃኒት ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ነገር ግን የሚሠራው በትልቁ አንጀት ላይ ነው። የበላነው ምግብ ደግሞ ትልቁ አንጀት ከመድረሱ በፊት በትንሹ አንጀት ተመጥጦ አልቋል። ስለዚህ ሻዩ የሚያስወጣው ውኃና ጨው ነው እንጂ የበላነውን ጮማ አይደለም። ለሳምንታት ሲወሰድ ፖታሲየም የተባለውን ንጥረ ነገር ከደም ያሟጥጣል። ፖታሲየም ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምትም ይዛባል። የግፊት መድኃኒት ከሚያሸኑት ዓይነት ለሆነባቸው ሰዎች ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ራሳቸው ፖታሲየም የሚቀንሱ አሉና።

ከሻዩ የባሰው እንክብሉ ነው። ሲቡትራሚን የሚባል የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ተፈቅዶ ለዓመታት በሐኪም ትእዛዝ ሲሸጥ ቆየ። ከዚያ ለልብ ሕመም የተጋለጡ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ላይ በተካሄደ ጥናት፣ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ የልብ ድካምና የአንጎል ምት ካልወሰዱት ይልቅ በዝቶ ተገኘ። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓም በአሜሪካም ከገበያ ወጣ። ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ከዚያ ወዲህ «ከእፅዋት የተዘጋጀ» ተብለው የሚሸጡ በርካታ የማቅጠኛ እንክብሎችን፣ ሻዮችንና ቡናዎችን መርምሮ ሲቡትራሚን ተደብቆባቸው አግኝቷል፤ ዝርዝራቸውንም በየጊዜው ያወጣል። በእሽጉ ላይ ግን ስሙ የለም። ይህ መድኃኒት የደም ግፊት ይጨምራል፣ የልብ ምት ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ አፍ ያደርቃል።

እህታችን የወሰደችው እንክብል ውስጥ ምን እንዳለ ሳይመረመር መናገር አይቻልም። የጻፈቻቸው ምልክቶች ግን ለግፊት ታካሚ የማይናቁ ናቸው። እንክብሉን በማቆሟ ጥሩ አድርጋለች። የተረፈውን ከነማሸጊያው ይዛ ለሚከታተላት ሐኪም ታሳየው፤ ለጎረቤት ግን አትስጠው። በዐረብ አገር ለምትኖሩ እህቶቻችንም አንድ ነገር ልበል። ለዘመዶቻችሁ ስታስቡ በፍቅር እንደሆነ እናውቃለን። ይሁን እንጂ በሱቅ በር ላይ፣ በስልክ ማስታወቂያና በሰው እጅ የሚሸጥ የማቅጠኛ መድኃኒት ስጦታ አድርጋችሁ አትላኩ። የሚቀበለው ሰው የምን ሕመም እንዳለበት ሁልጊዜ አታውቁምና።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። ሻጩ ነጋዴ ለሸቀጡ የዲን ልብስ ያለብሰዋል። ስለ ጥቁር አዝሙድና ስለ ማር የተላለፉ ሐዲሶች በኛ ዘንድ የከበሩ ናቸው። ነገር ግን ሐዲስ የተጠቀሰበት ማሸጊያ ሁሉ ውስጡ ያለው ጥቁር አዝሙድ ነው ማለት አይደለም። «የሱና መድኃኒት ነው፤ በወር 15 ኪሎ ያወርዳል» የሚል ሰው ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ከየት እንዳመጣው ልንጠይቀው ይገባል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ስለ ማቅጠኛ መርፌ የሚጠይቁን በርክተዋል። ሴማግሉታይድ የሚባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ለክብደት መቀነሻነት ተፈቅዷል፤ እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ በጥናትም በአማካይ ከሰውነት ክብደት 15 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ታይቷል። በሐኪም ትእዛዝና ክትትል ብቻ የሚወሰድ ነው፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ያስከትላል፤ ያቆሙት ሰዎችም በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ተመልሶባቸዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በተለያዩ አገሮች አስመስለው የተሠሩ ሐሰተኛ መርፌዎች መገኘታቸውን አስታውቋል። ስለዚህ በሻንጣ የመጣውን ተዉት።

ለመሆኑ እህታችን ስንት ኪሎ መቀነስ ነው ያለባት? ደብዳቤዋ ላይ «ወደ 55 መመለስ እፈልጋለሁ» ትላለች። ስታገባ የነበራት ክብደት ነው። እዚህ ላይ «ክብደት ቀንሺ» ብሎ የላካት ባለሙያ አንድ ቁጥር ቢጨምርላት ኖሮ ብዙ ጭንቀት ያቃልልላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ ታላቅ የአሜሪካ ጥናት ነበር። ለስኳር በሽታ የተቃረቡ 3,234 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ከነሱ አንዱ ክፍል ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። በአማካይ የቀነሱት 5.6 ኪሎ ብቻ ነበር። ሆኖም በዚህች ትንሽ ቅነሳ በስኳር በሽታ የመያዝ አደጋው በ58 በመቶ ወረደ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን በወሰዱት ላይ የወረደው ደግሞ በ31 በመቶ ነው። 82 ኪሎ ለሆነች ሴት 7 በመቶ ማለት 6 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ለግፊቷም ይህ ያህሉ ብዙ ይረዳታል። 27 ኪሎ ካልቀነስኩ ብሎ ተስፋ ከመቁረጥና እንክብል ከመፈለግ፣ እነዚህን 6 ኪሎዎች በስድስት ወር ውስጥ ማውረድና ባሉበት ማቆየት ትልቅ ሥራ ነው።

ፍጥነቱም በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ቢሆን ይበቃል። በጣም ተፋጥኖ የሚቀንስ ሰው ጡንቻው አብሮ ይቀልጣል፤ በሐሞት ከረጢት ውስጥ ጠጠር የመፈጠር ዕድሉም ይጨምራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሚዛኑ ባለበት ቢቆም አትደንግጡ፤ ያነሰ ሰውነት የሚያቃጥለው ምግብም ያንሳል። መመዘን ለሚፈልግ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ በአንድ ሚዛን ይበቃል። ሚዛን የሌለው የልብስ ሰፊ ሜትር ይጠቀም። የወገብ ዙሪያ በሴት ከ80፣ በወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የጤና ሥጋት ይጀምራል፤ በሴት ከ88፣ በወንድ ከ102 ሲያልፍ ሥጋቱ ከፍ ይላል።

ወደ ማድቤት እንግባ። እንጀራ ተዪ የሚለው ምክር እኔ በግሌ የማይዋጥልኝ ነው። የጤፍ እንጀራ ትቶ ነጭ ዳቦና መኮሮኒ የሚበላ ሰው ያተረፈው ነገር የለም። ጥያቄው ስንት እንጀራ የሚለው ነው። ሁለት የምትበላ አንድ ተኩል ትብላ፤ ከጎኑ ጎመኑን፣ ሰላጣውን፣ ቲማቲሙን ታብዛው። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ሽምብራ ያጠግባሉ፤ ፕሮቲንም አላቸው። ከውጭ የመጣ ውድ የአጃ እሽግ መግዛትም ግዴታ አይደለም፤ ቅንጬ አለልን።

ዘይቱን ግን ቁጭ ብለን እናስላው። በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ውስጥ 120 ያህል ካሎሪ አለ። ስድስት ሰው ባለበት ቤት በወር 10 ሊትር ዘይት የሚያልቅ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 460 ካሎሪ ገደማ ከዘይት ብቻ ይደርሰዋል። ይህንኑ ወደ 5 ሊትር ማውረድ ቢቻል ማንም ጾሙን ሳያድር፣ ማንም ምግብ ሳይከለከል፣ በየቀኑ ከእያንዳንዱ 230 ካሎሪ ይቀነሳል ማለት ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ዘይቱን ከጄሪካኑ እየደፉ መጨመር ትቶ በማንኪያ መስፈር። ለኪስም ቢሆን ጥቅሙን ዛሬ ዘይት የገዛ ሁሉ ያውቀዋል።

ስኳርም እንዲሁ ነው። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር፣ በቀን አምስት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው 60 ግራም ያህል ስኳር ይወስዳል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል 25 ግራም ገደማ ላይ እንዲቆም ይመክራል። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ውስጥ ብቻ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ። እንግዳ ሲመጣ ለስላሳ ካልቀረበ ያከበርነው አይመስለንም፤ ውኃና ሻይ ማቅረብ ግን ነውር አይደለም።

ጫት ያቀጥናል የሚሉም አሉ። የሸሪዓ ብይኑን ለዑለማዎች ትቼ የጤናውን ብቻ ልናገር። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የምግብ ፍላጎት ለጊዜው ይዘጋል። ነገር ግን የደም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፤ አብሮት የሚሄደው ለስላሳ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ለውዝ ይቆጠራል፤ እንቅልፍ ያሳጣና በማግሥቱ ደግሞ ረሃብ ያበረታል። ለግፊት ታካሚ ይህ ማቅጠኛ ሊባል አይችልም።

የረመዷንን ነገር ሳናነሳ ብናልፍ ጎደሎ ይሆናል። ብዙዎቻችን ጾመን ወሩ ሲያልቅ ጨምረን እንገኛለን። ምክንያቱ መግሪብ ላይ የሚቀርበው ነው፤ በዘይት የተጠበሰው ሳምቡሳ፣ ሙሸበኩ፣ ስኳር የተጨመረበት ጁስ፣ ከተራዊሕ በኋላ ደግሞ እንደ አዲስ እራት። የሚቀንሱትም ቢሆኑ ትንሽ ቀንሰው ከዒድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይመልሱታል። ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ሦስት ቦታ ስለመክፈል የተላለፈውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በፊጥር ማዕድ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሰኞና ሐሙስ መጾም ክብደት እንድቀንስ ይረዳኛል ወይ ለሚሉ፣ በሌላው ቀን ካካካሱት አይረዳም። የኒያውን ጉዳይ ለሚያውቁት እንተወው።

ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የስኳር ታካሚዎችን ጉዳይ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚውጡ ሰዎች፣ ክብደት ለመቀነስ ብለው ምግብ በድንገት ካቋረጡ ስኳራቸው ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይቀባጥራሉ፤ ካልተደረሰላቸውም ራሳቸውን ይስታሉ። በጾም ላይ እያሉ ስኳራቸው ከ70 ሚሊ ግራም በታች ቢወርድ ወይም ከ300 በላይ ቢወጣ ጾሙን እንዲፈቱ የዘርፉ ሐኪሞች ይመክራሉ። ሸሪዓችን ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል። መጾም የሚፈልግ የስኳር ታካሚ ረመዷን ከመግባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪሙን ያማክር። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱም ክብደታቸው እየቀነሰ ሲሄድ ብድግ ሲሉ ካዞራቸው መጠኑ ሊስተካከልላቸው ይገባ ይሆናልና በራሳቸው ሳያቋርጡ ይታዩ። ነፍሰ ጡሮችና ገና የወለዱ የሚያጠቡ እናቶች በራሳቸው ውሳኔ ምግብ መቀነስ የለባቸውም። ሳይፈልግና ሳይሞክር ክብደቱ የሚወርድ ሰው ደግሞ «እሰይ» ሳይል ይመርመር፤ ስኳር፣ ቲቢ ወይም የእንቅርት ሕመም ሊሆን ይችላል።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ጂም መግባት ለብዙ እህቶቻችን ወይ አይመችም ወይ አይቻልም። በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ 150 ደቂቃውን ይሞላል። ልጆቹን ትምህርት ቤት በእግር ማድረስ፣ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ይቆጠራል። ትንፋሽ የሚያፈጥን የቤት ሥራም እንቅስቃሴ ነው።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «ክብደት ቀንሱ» ከተባላችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ። ጊዜ የለም፣ ሰልፉ ረጅም ነው፤ እናውቃለን። ቢሆንም በወረቀት ጽፋችሁ ግቡ፦ እኔ ስንት ኪሎ ብቀንስ ይበቃል? በምን ያህል ጊዜ? የምወስደው መድኃኒት ከምግብ መቀነስ ጋር ይጋጫል ወይ? መቼ ተመልሼ ልታይ? ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። የሥነ ምግብ ባለሙያ ባለበት ሆስፒታል ወደሱ እንዲልኳችሁም ጠይቁ።

ለባሎችና ለአማቶችም አንድ ነገር አለኝ። በኛ ቤት ወፍራም ሴት በአንድ በኩል ትቀለድባታለች፣ በሌላ በኩል ደግሞ ትንሽ ስትቀንስ «ምነው ከሳሽ፣ ታመምሽ እንዴ?» ትባላለች። ሰርግና አቂቃ ላይ ስትሄድ በጉርሻ ላይ ጉርሻ ይከመርላታል፤ ያውም በአላህ እያስማሉ። ምግቡን ለቤተሰቡ ሁሉ የምታበስለው እሷ ናት። ለራሷ ብቻ ሌላ ድስት ጥዳ ዓመት ልትዘልቅ አትችልም። ባል «ከዛሬ ጀምሮ ለስላሳ ቤታችን አይግባ፤ ዘይቱም ለሁላችንም ይቀነስ፤ ማታ ከኢሻ በኋላ አብረን እንራመድ» ቢል ከእንክብሉ የተሻለ ሥራ ይሠራል።

ሰዓታችን ከማለቁ በፊት አንዲት እናት ስለ 13 ዓመት ልጇ የጻፈችልንን ልመልስ። ወንድሞቿ «ወፍራሟ» እያሉ ስለሚጠሯት ልጅቷ ምሳዋን ትምህርት ቤት ሳትበላው ትመልሰዋለች። በማደግ ላይ ያለች ልጅ ምግብ እንድትቀንስ አይደረግም፤ ቁመቷ ገና እየጨመረ ነው፤ አጥንቷና ደሟም ምግቡን ይፈልጋሉ። ወንድሞቿ ያንን ስም ዛሬውኑ ያቁሙ፤ አባትየው በግልጽ ይንገራቸው። ለስላሳና ብስኩት ከቤቱ ለሁሉም ይቅር እንጂ ለሷ ተለይቶ አይከልከል። ከወንድሞቿ ጋር እኩል ትጫወት፤ ትሩጥ። ከበላች በኋላ ተደብቃ የምታስመልስ ከሆነ፣ ፊቷ ከገረጣ ወይም ጀምሮላት የነበረው የወር አበባ ከቆመ ግን ሳትቆጧት ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት።

ቀሪዎቹን ጥያቄዎች አላህ ካለ በሚቀጥለው ዝግጅታችን እናያቸዋለን።